አፍንጫ የሚጠርበው ብርሃን

ገላፊ ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር ዳር ወረፋ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌር ከፀሐይ መሸሸጊያው ጋቢናው ብቻ ነው። የአፋር ሐሩር፣ ትኩስ ሻይ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ሮዜሺያ የሚባለውን የፊት ቆዳ ሕመም ከሚቀሰቅሱት መካከል ናቸው። በነጭ ቆዳ ላይ ሕመሙን ቅላቱ ያሳብቅበታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ስለማይጎላ ብጉር ነው ተብሎ ይታለፋል።

በአንዳንዶች ላይ፣ በተለይ በጎልማሳና አረጋውያን ወንዶች፣ ነገሩ በዚያ አይቆምም። የአፍንጫ የወዝ ዕጢዎች ይፋፋሉ፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ጫፉ ይጎረብጣል። ሐኪሞች ራይኖፊማ ይሉታል። መንደሩ ግን «ጠጪ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ አረቄ በአፉ ያልዞረ ሰውም እንደሚይዘው ማን ይንገረው? ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጊርላንዳዮ እ.ኤ.አ. በ1490 አካባቢ እንዲህ ያለ አፍንጫ ያላቸውን አያት ስሏል። እቅፋቸው ውስጥ ያለው ልጅ ቀና ብሎ በፍቅር ያያቸዋል። ሥዕሉ ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል።

አንዴ የወፈረ ቆዳ በቅባት አይመለስም፤ መጠረብ አለበት። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ኩማር ፓቴል እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። ጨረሩ 10,600 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው ዓይን አያየውም፤ ውሃ ግን ይመጠዋል። ቆዳ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ሲፈላ ሥጋው አብሮት ይተናል። አፍንጫ በምላጭ ሲነካ ደሙ ብዙ ነው፤ የሌዘሩ ሙቀት ግን ትንንሾቹን የደም ሥሮች እየዘጋ ይሄዳል።

ሕመምተኛው አፍንጫው ደንዝዞ ይተኛል፣ ሐኪሙ ስስ ስስ እያደረገ ይልጣል። ትልቁ ጥበብ የት ማቆም እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው። አዲሱ ቆዳ የሚያቆጠቁጠው ከወዝ ዕጢዎቹ ሥር ስለሆነ፣ ያን ሥር የነቀለ እጅ ጠባሳ ይተዋል። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይሽራል። ጥቁር ቆዳ ላይ ቦታው ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ስለሚችል ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። ሮዜሺያው ራሱ ግን በሌዘር አይድንም፤ መድኃኒቱም ከፀሐይ መጠበቁም ይቀጥላል።

እኛ አገር ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ወፍሮ ያበጠ አፍንጫ ራይኖፊማ ላይሆን ይችላል። የደጋው ቁንጭርም፣ ሥጋ ደዌም አፍንጫን ያሳብጣሉ፤ የቆዳ ካንሰርም እንዲህ ባለ እብጠት ሥር ሊደበቅ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 በሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከልነት ተቋቁሞ ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው። እዚያም ሆነ ሌላ የቆዳ ክፍል የሚሄድ ሰው ሌዘር ከመጠየቁ በፊት ከእብጠቱ ትንሽ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመርለት ይጠይቅ። ሥጋ ደዌ ሆኖ ከተገኘ የሚያስፈልገው ጨረር ሳይሆን ክኒን ነው፤ እሱም በነጻ ይሰጣል።