ቤይሩት ላይ ስንት ሰዓት ነው?

የአክስቴ ልጅ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ስድስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ማዳሟ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ በስልክ እንድታወራ ፈቅዳላታለች። ከዚያች ሰዓት ውጭ ስልኩ ከጮኸ ጣጣ ነው። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን በሌሊት ፈረቃ እጠብቃለሁ። እሑድ ጠዋት ከሥራ ስወጣ፣ እንቅልፍ ሳይጥለኝ፣ ለእርሷ መደወል ልማዴ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2023 (መጋቢት 17 ቀን 2015) ስልኬ የቤይሩትን ሰዓት ልክ ሦስት፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ፣ ሲያሳየኝ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደገምኩ። አሁንም ተዘጋ። ሞኝነቴ፣ ሠለስኩ።

ድምፅዋን የሰማሁት ከስምንት ቀን በኋላ ከጎረቤት ሠራተኛ ስልክ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ ምን ነካህ? በስምንት ሰዓት እኮ ነው የደወልከው! እንግዶች ገበታ ላይ ነበሩ።» ስልኩ ከሽርጧ ኪስ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲጮህ ማዳም ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። «በዘጠኝ ነው የደወልኩት» አልኳት። «የወጥ ቤቱ ግድግዳ ስምንት ይላል» አለችኝ። ውድ አንባቢ፣ ሁለታችንም አልዋሸንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊባኖስ በየዓመቱ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ትገፋለች። በዚያ ዓመት ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ሚቃቲ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ማርች 23 ላይ፣ ለውጡ እስከ ኤፕሪል 21 እንዲዘገይ ወሰኑ። የረመዳን ጾም በዚያው ቀን ገብቶ ስለ ነበር ጾመኛው በሰባት ሳይሆን በስድስት እንዲያፈጥር ነው ተባለ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያን አልቀበልም ብላ ሰዓቷን እንደ ወትሮው ገፋች። አንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተከተሏት። አንዲት ትንሽ አገር ሁለት ሰዓት ይዛ አደረች። ሰኞ ዕለት ካቢኔው ውሳኔውን ሻረውና ከረቡዕ ወደ ሐሙስ ሌሊት ሰዓቱ ተገፋ። የማዳም ግድግዳ የመንግሥትን ሰዓት ይዞ ነበር፤ የእኔ ስልክ የዱሮውን ሕግ።

ስልኬ የዱሮውን ሕግ ከየት አመጣው? እዚህ ላይ ነው ለሙያዬ የሚቀርበው ጉዳይ የሚመጣው። የዓለምን ሰዓት ለስልኮች፣ ለባንኮችና ለአየር መንገዶች የሚያስተምር አንድ መዝገብ አለ። ቲዜድ ይሉታል። ማንም ገልጦ የሚያነበው፣ ማንም የሚገለብጠው፣ ዋጋ የማይጠየቅበት፣ በፈረንጆቹ አባባል ኦፕን ሶርስ ነው። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባሉ ሰው በ1980ዎቹ ጀመሩት፤ ከ2005 ወዲህ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ፖል ኤገርት ያስተባብሩታል። በ2011 አንድ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ድርጅት ሁለቱን ሰዎች «የሰዓቱ ታሪክ ከእኔ አትላስ የተወሰደ ነው» ብሎ ከሰሳቸው። ክሱን በማግሥቱ ዓመት ተወው እንጂ፣ የዓለም ሰዓት በኮከብ ቆጣሪ ክስ ለጥቂት ቀናት በሩ ተዘግቶበት ነበር ብል የሚያምነኝ ስንቱ ነው?

መዝገቡ በተለወጠ ቁጥር አዲስ እትም ይወጣል፤ ከእትሙም ጋር ማስታወሻ። በዚህ ሙያ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ ሰው ሁልጊዜ ያደባልቃቸዋል። አንደኛው የለውጥ መዝገብ ነው፦ በየትኛው ፋይል የትኛው መስመር ተነካ፣ ማን ነካው፣ መቼ። ይህ ለሠሪዎቹ ነው። ሁለተኛው የእትም ማስታወሻ ነው፦ አንተ ተጠቃሚው ነገ ምን ይለወጥብሃል፣ ለምን። የመጀመሪያውን ገልብጦ ሁለተኛው ነው ብሎ መስጠት የሰነፍ ሥራ ነው። ከዚያም የባሰ አለ፤ ስልክህ ላይ በየሳምንቱ «ስህተቶች ታርመዋል፣ ፍጥነት ተሻሽሏል» እያለ የሚመጣው። ምን ስህተት? የማን? ከመንግሥት ራዲዮ በቀር እንዲህ ደፍሮ ምንም ሳይናገር የሚናገር አላውቅም።

የቲዜድ ማስታወሻ እንዲህ አይደለም። ከላይ «ባጭሩ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የወደፊት ሰዓቶች ለውጥ፣ ያለፉ ሰዓቶች ለውጥ፣ የፕሮግራሙ ለውጥ እያለ ይለያል። ያለፈው እንዴት ይለወጣል እንዳትሉኝ፤ አንድ ሰው የድሮ ጋዜጣ ያገኝና «በዚያ ዓመት ሰዓቱ የተገፋው በሌላ ቀን ነበር» ብሎ ይልካል፣ ይታረማል።

ስልክ የተቆለፈባት እህቴን እያሰብኩ የዚያን ሳምንት ማስታወሻዎች አነበብኳቸው። 2023ቢ የተባለው እትም ማርች 23 ወጣ፤ ሊባኖስ የበጋ ሰዓቷን ማዘግየቷን ይናገራል። አዋጁ በተሰማበት ቀን መሆኑ ነው። ግን በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ እትም የዓለምን ስልክ ሁሉ አይደርስም፤ የእኔንም አልደረሰም። ማርች 28 ላይ ደግሞ 2023ሲ ወጣ። ይህኛው ባጭሩ፣ የሊባኖስ የሰዓት ትርምስ ስለ ሆነ ወደ 2023ኤ ተመልሰናል ይላል። በድንገት ከቀረቡት መጥፎ አማራጮች ይህ የሚሻለው መስሎ መታየቱን ይጨምራል፤ የመንግሥትን ውሳኔ ላሳወቃቸው ሰውም ምስጋና ያቀርባል።

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአምስት ቀን ውስጥ የራስን ሥራ መሻር፣ መሻሩን በስሙ መጥራት፣ ምርጫው ጥሩ እንዳልነበረም መጻፍ! 2023ቢን ጠርገው እንዳልነበረ ማድረግ አላማራቸውም፤ እስከ ዛሬ በቦታው ተቀምጦ ይነበባል። እኔም ያች እሑድ ከእጄ እንዴት እንዳመለጠች ያወቅሁት በእርሱ ነው። ሠሪዎቹ ለመንግሥታት የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ከአንድ ዓመት ባነሰ ማስጠንቀቂያ ሰዓት ብትለውጡ አንዳንድ ኮምፒዩተሮች መሳሳታቸው አይቀርም። ግብፅም በ2016 የበጋ ሰዓቷን በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ ሰርዛ ነበር።

ማስታወሻ አይዋሽም ወይ? ይዋሻል እንጂ። ኤክስዜድ የተባለው ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም 5.6.1 ቁጥር እትሙ በ2024 ሲወጣ፣ ቫልግሪንድ የተባለው መመርመሪያ የሚያሰማው የሐሰት ማስጠንቀቂያ ተስተካከለ የሚል ማስታወሻ ነበረው። ማስጠንቀቂያው ግን የሐሰት አልነበረም። በእትሙ ውስጥ ሌባ የሚገባበት የጓሮ በር ተደብቆ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል የዘገየበትን ምክንያት ሲከታተል ደረሰበት። ዴቢያን የሚባለው ሥርዓት ወደ ቀድሞው እትም ሲመለስ ቁጥሩን «5.6.1 ሲደመር በእውነቱ 5.4.5» ብሎ ሰየመው። ኮምፒዩተር ዝቅ ያለ ቁጥር እንደ አዲስ ስለማይቀበል ነው እንዲህ መሆኑ፤ ቢሆንም «በእውነቱ» የሚለው ቃል በቁጥር መካከል ሲገባ እኔ ሌላ አላየሁም።

ወደ ሰዓታችን ልመለስ። በዚያው የቲዜድ መዝገብ ውስጥ ስለ እኛም ተጽፏል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ስለ ሆነ «ስምንት ሰዓት» ሲሉ የፈረንጅ ሁለት ማለታቸው ነው፣ በአማርኛ ሰዓት ስትጠይቁ ይህን አትርሱ የሚል የኤገርት ማስታወሻ አለ። ስምንት ሰዓት! የእህቴን ስልክ ያስቆለፈችው ያችው ሰዓት።

ከእርሱ አጠገብ የአዲስ አበባ መስመር አለ። ለኮከብ ቆጣሪዎች ከታተመ አትላስ የተወሰደ ሲሆን፣ ከተማዋ ሰዓቷን አሁን ወዳለው ያዞረችው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 ነው ይላል። ቀኑን አስሉት፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፣ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት። ያን ዕለት ከተማው በእሳትና በዘረፋ ላይ ሳለ የግድግዳ ሰዓት የሚያስተካክል ማን ነበር? ኤገርትም የአትላሱ ዝርዝር ስህተት ሳይሆን እንደማይቀር ከሥሩ ጽፈውበታል። መስመሩን ግን አልሰረዙትም። የተሻለ ማስረጃ ያለው ሰው፣ በዕድሜ የገፉ ታላላቆቻችን ያስቀመጡት ወረቀት ያለው ሰው፣ ቢልክላቸው ይቀበላሉ፤ የላኪው ስምም ከምስጋና ጋር ይጻፋል።

የእህቴ ስልክ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለመሆኑ አሁን የማንን ሰዓት ይዘሃል?» ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ማርች ሲገባ ማስታወሻውን አነብና ቅዳሜ ማታ አንዲት መስመር ጽፌ እልክላታለሁ። እርሷ የማዳምን ግድግዳ አይታ ቁጥር ትመልስልኛለች። የምደውለው በእርሷ ቁጥር ነው።