ዝናብ ሲመጣ ቲቪው ለምን ይጠፋል?

እዚህ ዘመሮ ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ብዙ ቤት ቲቪው «ሲግናል የለም» ይላል። ሰውም ዲሹ ተበላሸ ብሎ ቴክኒሻን ይጠራል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተመረጠው ፍሪኩዌንሲ ነው።

ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ለምሳሌ በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኢትዮሳት የሚተላለፈው ኤንኤስኤስ 12 በሚባል ሳተላይት ነው። ቴክኒሻኑ ሪሲቨሩ ላይ 11105 ብሎ ሲጽፍ አይታችሁ ይሆናል። ይሄ ፍሪኩዌንሲው ነው፤ በሜጋኸርዝ። ሞገዱ በ1 ሰከንድ ከ11 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይርገበገባል ማለት ነው።

ለሳተላይት ቲቪ በብዛት የሚመረጡት ባንዶች ሁለት ናቸው።

1ኛ. ሲ ባንድ፦ ወደ 4 ጊጋኸርዝ ነው። የሞገዱ ርዝመት 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል።

2ኛ. ኬዩ ባንድ፦ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ነው። የሞገዱ ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። 11105 የሚገኘው እዚህ ውስጥ ነው።

በሬ ቁጥቋጦ ገፍቶ ያልፋል፤ የመንዝ በግ ግን ጸጉሩን እሾህ ይይዘዋል። ሞገድም እንደዚሁ ነው። ረጅሙ ሞገድ ዝናቡን ብዙም ሳይነካው ያልፋል። አጭሩን ግን የዝናብ ጠብታዎች ይውጡታል፣ ይበትኑታል።

ታዲያ ለምን ሲ ባንድ አልተመረጠም? ትሉኝ ይሆናል። ሲ ባንድ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዲሽ ይፈልጋል። ዋጋው ውድ ነው፤ ጣራ ላይም አይመችም፤ የኛ አገር ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለኬዩ ባንድ ግን ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ቲቪ ማየት የቻለው በዚህ ምርጫ ነው። ዋጋው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ መጥፋቱ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ዲሽ የሚገዛ ሰው ሰፋ ያለውን ቢመርጥ ይሻላል። የ90ው ዲሽ ከ60ው ከ2 እጥፍ በላይ ሞገድ ይሰበስባል። ዲሽ ያላችሁ ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ፤ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። ነጎድጓድ እያለ ዲሽ ላስተካክል ብሎ ጣራ ላይ መውጣት ግን ለመብረቅ ያጋልጣል። ታላላቅ ወንድሞቻችሁ ሊወጡ ሲሉ ይህንን ንገሯቸው። ፊልም ይደገማል፣ ሰው ግን አይደገምም!



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል