ለዳገት የሚታሰር ሻንጣ

ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚገባ የብስክሌት ጉዞ አለ፤ ቱር ዳፍሪክ ይባላል። አንድ የካናዳ ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን፣ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ አራት ወር ይፈጃል። በኢትዮጵያ በኩል ሲሄድ ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፎ የዓባይ በረሃ ላይ ሲደርስ ከደጀን ቁልቁል ይወረዳል፤ ከዚያ እስከ ጎሐ ጽዮን ዳገት ነው።

ድንኳኑን፣ ፍራሹንና ቅያሪ ልብሱን መኪና ይጭነዋል። ከብስክሌተኛው ጋር የሚውለው ውሃ፣ ስንቅ፣ ከመነዳሪ፣ መንፊያና ጃኬት ነው። እንግዲህ ጓዝ ሲታሰር ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ እስከ ማታ ያስፈልጋል?

ከአዳማ ወደ በቆጂ በሚያወጣው የአርሲ መንገድ ላይ ግን ማታ ሳይመሽ ይመጣል።

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ አሰላ 2,430፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ጠዋት አዳማ በቁምጣ የተነሣ ሰው በቆጂ ሲደርስ ሰባት ዲግሪ የበረደ አየር ይቀበለዋል። ሽቅብ ሲወጣ አይታወቀውም፤ ጉልበቱ ያሞቀዋል። ጉዱ የሚፈላው በላብ የራሰ ልብሱን እንደለበሰ ወደ አሰላ ቁልቁል ሲለቀው ነው። ስለዚህ ጃኬቱ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን ከላይ ይቀመጣል።

ክብደትም ዳገት ላይ ሒሳቡን ያስከፍላል። ሰውና ብስክሌት ተደምረው 80 ኪሎ ከሆኑ፣ ስምንት ኪሎ ጓዝ ሲጨመር የስበት ኃይልን ለማሸነፍ የሚወጣው ጉልበት በአንድ አሥረኛ ያድጋል። ሁለተኛ ጫማና ወፍራም መጽሐፍ መኪናው ላይ ይሂዱ።

መለዋወጫ ላይ ግን ስስት አያዋጣም። በየመንደሩ ጎማ የሚለጥፍ ሰው አይጠፋም፤ ልክ የሆነ ጎማ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። "28" ተብሎ የሚጠራ ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የድሮው ከባድ ብስክሌት ቸርኬ 635 ሚሊ ሜትር፣ የዘመኑ የአስፋልት ብስክሌት ደግሞ 622 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። የአንዱ ለሌላው አይገባም። ለራስ ቸርኬ የሚሆን ትርፍ ጎማ፣ ጥቂት ራጂና የካቴና ማያያዣ ይዞ መነሣት ይሻላል።

ምግብን በተመለከተ አርሲ ገብስ አብቃይ ነው፤ የቢራ ብቅል ፋብሪካም አሰላ አለ። ለብስክሌተኛ ግን ከብቅሉ በሶው ይበልጣል፤ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ከበሶም ጭኮ ይሻላል፦ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ፣ ቶሎ የማይበላሽ፣ በጥቂቱ የሚያጠግብ። ችግሩ ቅቤው የአዳማን ፀሐይ አይወድም። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይያዝ፤ በፌስታል የጠቀለለው ሰው ከመነዳሪውንም ጃኬቱንም ቅቤ ቀብቶ ነው አሰላ የሚገባው።