የታደሰው ቤትና የሣጥናችን ኪታቦች



ውድ አንባብያን፣ አሮጌ ቤት ታድሶ ስናይ አብዛኞቻችን የምናደንቀው ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው። ቤትን የሚያስከብረው ግን በውስጡ የተቀመጠው አማና ነው። ለዚህም ሐረር ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች።

በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል ውስጥ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው፣ ኋላም ራስ ተፈሪ የተቀመጡበት ባለ ፎቅ ቤት አለ። ይህ ቤት ታድሶ ከ2007 ወዲህ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። ቅርሶቹን የሰበሰቡት አቶ አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ ናቸው። እኒህ ሰው ከየቤተሰቡ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን፣ ሳንቲሞችንና ጌጣጌጦችን እያሰባሰቡ በ1998 በገዛ ቤታቸው ለጎብኚ አሳዩ፤ የኪታብ አጠራረዝንም ተምረው የተቦጫጨቁትን ጠገኑ። በዚህ መንገድ ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ከመጥፋት ድነዋል።

እኛስ በሮቤና በጎባ? አባቶቻችን በደረሳነት ዘመናቸው የቀሩበት ኪታብ የት ነው ያለው? ጣሪያው በሚያፈስ ቤት፣ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ ምስጥ እየበላው ይሆን? የባሌ ደጋ እርጥበት ለወረቀት አይራራም።

ወጣቶች ሆይ! አያቶቻችሁን ጠይቁ። ኪታቡን ከመሬት አንሡና ደረቅ ቦታ አኑሩት። የማን እንደነበረ፣ ማን እንዳስቀራበትም በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ለገንዘብ ብላችሁም አትሽጡት። መጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ ማንበብ የሆነለት ኡማ የሚነበበውን ሊጥል አይገባውም።

አላህ አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።