ያውቁ ኖሯል? ወልቆ ስለሚወድቀው ቀንድ

ወንዱ አጋዘን በየዓመቱ ቀንዱን እንደሚጥል ያውቁ ኖሯል? አይሰበርበትም፣ ማንም አይቆርጥበትም፤ ራሱ ወልቆ ይወድቃል! በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች የበረዶው ወራት ሊያበቃ ሲል፣ ትናንት ሲንጎማለል የነበረው ጎረምሳ ዛሬ ጎዳ ሆኖ ይገኛል! በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀንድ ያበቅላል፤ ብዙ ጊዜም ከቀድሞው የበለጠ!

የኛው የባሌ የደጋ አጋዘን ግን እንዲህ አያደርግም። የሥጋ ዘመዶቹ በሬና ፍየል ናቸውና ቀንዱን ይዞ አድጎ፣ ቀንዱን ይዞ ይሞታል! ዋልያም እንዲሁ! ቀንዱን የሚጥለው ወገን ከአፍሪካ ሁሉ በተፈጥሮ የኖረው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ብቻ ነው!

የበሬ ቀንድ ውጪው የተሠራው ጥፍርዎ ከተሠራበት ነገር ነው። የሚወልቀው የአጋዘን ቀንድ ግን ከላይ እስከ ታች አጥንት ነው! እንስሳው በየዓመቱ የገዛ አጥንቱን ይጥላል ማለት ነው!

ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ አጋዘን ቀንዱ በሚፋፋበት ወቅት በቀን እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያድጋል! በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ዘንድ ይህን ያህል የሚፈጥን አጥንት የለም!

በማደግ ላይ ያለውን ቀንድ ቢነኩት ይሞቃል! ከፋይ የመሰለ ጸጉራም ቆዳ ለብሷል፤ ውስጡ ደም ይዘዋወራል፣ ሕመምም ይሰማዋል። ዕድገቱን ሲጨርስ ቆዳው ይደርቅና አጋዘኑ ከዛፍ ጋር እየታከከ ይገፈዋል። ተገፍፎ የወጣው ቀንድ ነጭ ነው! ቡናማ ቀለሙን የሚያገኘው ከደሙና ከዛፉ ጭማቂ ነው!

ይህ ሁሉ ካልሲየም ከየት ይመጣል? ሣርና ቅጠል አይበቃውም። ከገዛ የጎን አጥንቱ ይበደራል! በዚያ ወቅት ጎድኖቹ ይሳሳሉ፤ ቀንዱ ካለቀ በኋላ ግን ብድሩ ተመልሶ አጥንቱ ይጠነክራል!

ያ በድብድብ ወራት ሁለት ወንዶች ሲገፋፉበት ንቅንቅ ያላለ ቀንድ፣ በኋላ አጥር ሲዘል እንኳ ዱብ ይላል! ምስጢሩ ሆርሞን ነው። የወንድነቱ ሆርሞን ሲቀንስ፣ አጥንት የሚያሟሙ ጥቃቅን ሕዋሳት በቀንዱና በራስ ቅሉ መካከል ያለውን መጋጠሚያ በቀናት ውስጥ ይበሉታል! አዲስ የወደቀ ቀንድ ቢያገኙ ገልብጠው ሥሩን ይዩት፦ ዙሪያውን የእንቁ ድርድር የመሰለ ጉብጉብ፣ መሐሉ ሻካራ፣ አንዳንዴም የደም ነጠብጣብ ያለበት!

ይህን የወደቀ ቀንድ ፍለጋ ብቻ ጫካ ለጫካ የሚንከራተቱ ሰዎች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ ብዙ ናቸው! ጠመንጃ የላቸውም፤ የያዙት አቅርቦ ማሳያ መነጽርና ጠንካራ ጫማ ነው። ባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ማርች ድረስ ሲጥል፣ ኤልክ ደግሞ በማርችና በአፕሪል ይጥላል። በረዶው እንደሳሳ፣ ሣሩም ሳይነሣ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሣሩ አንዴ ካደገ ቀንዱ ዓይን ሥር ሆኖ አይታይም!

ልምድ ያላቸው ለቃሚዎች በዘፈቀደ አይዞሩም! መጀመሪያ የሚሄዱት ፀሐይ ወደሚሞቀው፣ ወደ ደቡብ ወዳዘነበለው ተዳፋት ነው፤ አጋዘኑ ብርድ ሲበረታበት እዚያ ይተኛልና። ቀጥሎ አጥርና ቦይ ወደሚዘልባቸው ቦታዎች፤ ሲያርፍ የሚነዝረው ንዝረት የላላውን ቀንድ ይጥለዋል! ሙሉ ቅርጹን ሳይሆን የአንዷን ቅርንጫፍ ጫፍ ብቻ ይፈልጋሉ፤ ቀሪው ቅጠል ውስጥ ተቀብሯልና!

ግራና ቀኙ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ አይወድቁም! አንዱ ዛሬ ቢወልቅ ሌላው ከደቂቃዎች አልፎ ቀናት ሊቆይ ይችላል። በዚያ መሐል አጋዘኑ ባለ አንድ ቀንድ ሆኖ ይዞራል! ሁለቱንም ጥንድ አድርጎ ያገኘ ለቃሚ ደስታው ወሰን የለውም!

ቀንድ አሽትቶ የሚያገኝ ውሻ አለ! ሰው የቀንድ ሽታ አይሰማውም፤ የሠለጠነ ላብራዶር ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ በአፉ ይዞት ይመጣል!

በዊዮሚንግ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በመንግሥት መሬት ላይ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ቀንድ መልቀም ክልክል ነው! የሚፈቀደው ከሜይ 1 ጀምሮ ነው፤ ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ አንድ ሳምንት ይጠብቃል! ምክንያቱ ያሳዝናል፤ ተገቢም ነው። በበረዶው ማብቂያ አጋዘኑ ስቡን ጨርሷል፤ ሰው ባባረረው ቁጥር የቀረችውን ጉልበት ያጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ለአንድ ቀንድ ሲባል ባለቤቱን መግደል አይገባም!

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ መቼም ቢሆን ቀንድ ይዞ መውጣት አይቻልም! ያዩትን አይተው እዚያው ይተዉታል!

ጃክሰን በምትባል የዊዮሚንግ ከተማ ቦይስካውቶች በአቅራቢያው ካለው የኤልክ መጠለያ የወደቀውን ቀንድ ይለቅማሉ። ከዚያም በሜይ ወር በከተማው አደባባይ ጨረታ ይወጣል! ጨረታው ከ1968 ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል፤ ከገቢው 75 በመቶ የሚሆነው ተመልሶ ለመጠለያው ይውላል። ኤልኮቹ የጣሉት ቀንድ መልሶ ኤልኮቹን ይጠቅማል!

የዚያው አደባባይ አራት ማዕዘናት መግቢያቸው በቀንድ የተሠራ ቅስት ነው! የመጀመሪያው የቆመው በ1953 ነው። ለአንዱ ቅስት ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀንዶች ተሰካክተዋል!

ሰው ካልደረሰበት ቀንዱ የት ይደርሳል? ይበላል! አይጥ፣ ሽኮኮና ጃርት ለካልሲየሙና ለፎስፈረሱ ሲሉ ይፍቁታል። ጫካ ውስጥ የቆየ ቀንድ ሲያነሱ ጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰመሩ ቀጫጭን ቦዮች ያያሉ፤ የጥርስ ሥራ ናቸው!

አጋዘኖቹ ራሳቸውም የወደቀ ቀንድ ያኝካሉ! በስኮትላንድ የረም ደሴት ያሉት ቀይ አጋዘኖች ደግሞ ከዚህም አልፈው የባሕር ወፍ ጫጩቶችን ራስ ቆርጥመው ሲበሉ ተገኝተዋል! ሣር በሎቹ አጋዘኖች!

ሬይንዲር ሴቷም ቀንድ አላት! ወንዱ በበረዶው ወራት መጀመሪያ ይጥላል፤ እርጉዟ ግን እስክትወልድ ድረስ ይዛው ትቆያለች። በረዶ ጭራ ያገኘችውን መኖ የሚነጥቋትን በቀንዷ ታባርራለች!

ትንሹ የአውሮፓ አጋዘን፣ ሮ የሚባለው፣ ሁሉን ነገር ይገለብጣል! በመከር ይጥልና በብርዱ መሐል ያበቅላል!

የኋላ እግሩ ክፉኛ የተጎዳ አጋዘን፣ በተቃራኒው ጎን ያለው ቀንዱ ተጣሞ ሊበቅል ይችላል! የቀኝ እግር ሲጎዳ የግራው ቀንድ!

የተኮላሸ አጋዘንስ? ቀንዱ ቆዳውን አይገፍፍም፣ አይወልቅም፤ ጉብጉብ እያወጣ ዓመት ከዓመት ያድጋል!

ሙስ የተባለው ግዙፍ አጋዘን በሰፊው ቀንዱ ይሰማል! ቀንዱ ድምፁን ሰብስቦ ወደ ጆሮው ይልክለታል!

ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የጠፋው ግዙፉ የአየርላንድ አጋዘን ቀንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.5 ሜትር ገደማ ነበር! ያን ሁሉ በየዓመቱ ጥሎ በየዓመቱ ያበቅለው ነበር!

የጥንት ሰዎች ማዕድን የቆፈሩት በወደቀ ቀንድ ነው! በእንግሊዝ ግራይምስ ግሬቭስ በሚባለው ቦታ ከ4,500 ዓመታት ገደማ በፊት ከ400 የሚበልጡ ጉድጓዶች ባልጩት ፍለጋ ተቆፍረዋል፤ መቆፈሪያው የአጋዘን ቀንድ ነበር! እዚያው አገር ስታር ካር በተባለ ሥፍራ ደግሞ 11,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ከነቀንዱ ከራስ ቅል ተቀርጾ የተበሳ የራስ መሸፈኛ ተገኝቷል!

በእንግሊዟ አቦትስ ብሮምሊ መንደር ሰዎች በየሴፕቴምበሩ የሬይንዲር ቀንድ ተሸክመው ይጨፍራሉ! ቀንዶቹ ሲመረመሩ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሆነው ተገኙ! እንግሊዝ ውስጥ ያኔ የዱር ሬይንዲር አልነበረም!

ብስኩት ማስነሻ ከአጋዘን ቀንድ ይወጣ ነበር! ቀንዱ ተቃጥሎ በሚሰበሰበው ጨው ሊጡ ይነፋል፤ ለደካከመውም ሰው ያንኑ ያሸቱት ነበር! ዛሬ በፋብሪካ ቢሠራም በስካንዲኔቪያ ኩሽናዎች ስሙ አሁንም የአጋዘን ቀንድ ጨው ነው!

ቀንዱ የሚበቅልበትን የአጥንት ሽፋን ከአጋዘን ግንባር ወስደው እግሩ ላይ ቢተክሉት እግሩ ላይ ቀንድ ያበቅላል! ይህ በ1970ዎቹ በጀርመን ተሠርቶ ታይቷል!

በ2023 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች ከሚያድግ የአጋዘን ቀንድ የወሰዱትን ሕዋስ በላቦራቶሪ አይጥ ራስ ላይ አኖሩት። 45 ቀን ሲሞላ አይጧ ትንሽ የቀንድ ጉጥ አብቅላ ተገኘች!