ከቁራሽ ቅጠል ሙሉ ተክል፤ ምግቡ ወይስ ዘሩ?

የባሕር ዛፍ ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ሸንኮራ አገዳም ከግንዱ ቁራጭ እንደሚበቅል ሁላችንም እናውቃለን። ከትንሽ የቅጠል ቁራሽ በላቦራቶሪ ሙሉ ተክል ለማውጣት የሚደረገው ሥራ ደግሞ ቲሹ ካልቸር ይባላል።

አሠራሩን በከብት መኖነት በሚታወቀው በአልፋልፋ እንመልከት። ቁራሹ ከጀርም ከጸዳ በኋላ ስኳር፣ ማዕድናትና ሆርሞን ባለበት ምግብ ላይ ይቀመጣል። ከሆርሞኖቹ አንዱ ገበሬው በአረም ማጥፊያነት የሚያውቀው ቱፎርዲ ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ሲሆን ሕዋሳቱን አይገድልም፤ ቅርጽ የሌለው እብጠት ሆነው እንዲባዙ ያደርጋል። ይህ እብጠት ካለስ ይባላል። ካለሱ ቱፎርዲ ወደሌለበት ምግብ ሲዛወር፣ ከአንዱ ተክል የተገኘው ቡቃያ ያወጣል፤ ከሌላው የተገኘው ግን እብጠት ሆኖ ይቀራል።

ምግቡም ሙቀቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቢንግሃምና ባልደረቦቹ፣ ካለሳቸው ተክል የሰጠውን አልፋልፋዎች ብቻ እየመረጡ እርስ በርስ አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስታወቁት፣ በሁለት ዙር ምርጫ ችሎታው ያላቸው ተክሎች ከ12 ወደ 67 ከመቶ ከፍ አሉ። ስለዚህ ችሎታው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ራይሽና ቢንግሃም፣ ባለ ሁለት እጥፍ ክሮሞሶም በሆነው አልፋልፋ ይህን ችሎታ የሚቆጣጠሩ ሁለት ዶሚናንት ጂኖች እንዳሉ አመለከቱ። ዶሚናንት ማለት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚገለጽ ማለት ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች የሜንዴልን ሕግ ሊሠሩበት ይችላሉ። ሁለቱም ጂኖች የግድ የሚያስፈልጉ ከሆነና ሁለቱም ወላጆች በሁለቱም ጂኖች ድቅል ከሆኑ፣ ከ16 ልጆች በአማካይ 9ኙ ችሎታው ይኖራቸዋል። በማሳ የሚዘራው አልፋልፋ ግን አራት እጥፍ፣ ማለትም 32 ክሮሞሶሞች ስላሉት ስሌቱ ይወሳሰባል።

ይህ ዕውቀት ለምን ይጠቅመናል? አልፋልፋ በንቦች አማካይነት ከሌላ ተክል ጋር ስለሚዳቀል፣ ከአንድ ከረጢት የወጡ ዘሮች እንኳ በጂናቸው ይለያያሉ። ካለሱ አልበቅል ሲል ምግቡን ደጋግሞ መለዋወጥ ብቻ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ሌሎች ተክሎችንም መሞከር ያሻል። በሌላ በኩል፣ በጠርሙስ ውስጥ በቀላሉ የሚበቅለው ሁሉ ለከብቱ የተሻለ መኖ ይሰጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ አዳቃዩ ችሎታውን በማሳ ላይ ጥሩ ምርት ወደሚሰጠው ዘር በማዳቀል ማሸጋገር ይኖርበታል። ላቦራቶሪውና ማሳው እየተጋገዙ ካልሠሩ፣ በጠርሙስ የተገኘው ውጤት ከጠርሙስ አይወጣም።