ፓርክ፦ ከአጥር የጀመረ ቃል

«ፓርክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ፓራዳይዝ» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ፓራዳይዝ በግሪክ በኩል ከጥንት ኢራናውያን ቋንቋ የመጣ ነው፤ ፓርክ ግን በ13ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ሁለቱም መነሻቸው የታጠረ ቦታ ስለሆነ ብቻ ዘመድ ማድረግ ስሕተት ነው።

ለናይሮቢ ነዋሪ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ፓርክላንድስ ሰፈር ያለው ሲቲ ፓርክ ጦጣ የማይጠፋበት የአገር በቀል ደን ቅሪት ነው፤ የኬንያ ሁለተኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ሙሩምቢም የተቀበሩት እዚያው ነው። በከተማዋ ደቡብ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ ይኖርበታል። ሾፌሩ ደግሞ መኪናውን መንገድ ዳር «ፓርክ ያደርጋል»።

ይህን ሁሉ ያገናኘው አጥር ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ፓርክ ማለት በንጉሥ ፈቃድ ታጥሮ ለአደን የሚሆን አጋዘን የሚጠበቅበት መሬት ነበር። አጥሩ በአፈር ካብ ላይ ይተከላል፣ ቦዩ በውስጥ በኩል ይቆፈራል፤ ከውስጥ መዝለል ለሚሞክር አጋዘን ከፍታው ይበዛበታል። አንዳንዱ ፓርክ የውጭው አጋዘን ዘሎ የሚገባበት፣ የገባው ግን የማይወጣበት ቦታም ነበረው። ቀስ በቀስ ቃሉ አጥሩን ትቶ የታጠረውን ሣርና ዛፍ ያዘ። ሄንሪ 8ኛ በ1536 ለአደን የያዙትን ሃይድ ፓርክ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1637 ለሕዝብ ሲከፍቱት፣ ቃሉ የመናፈሻነት ትርጉም የሚይዝበት መንገድ ሰፋ። «ፓርክላንድ»ም ዛፍ አለፍ አለፍ ብሎ የቆመበት ሣራማ መሬት ነው። ዛሬ የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ወሰን ሳይታጠር ለእንስሳት ፍልሰት ክፍት ነው፤ ስሙ ግን ፓርክ ነው።

ይህ የትርጉም ጉዞ እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝኛው «ታውን» ከተማ ሲሆን፣ የጀርመንኛ ወንድሙ አጥር፣ የደችኛው ደግሞ የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የእኛም ተማሪ «ግቢ ገባሁ» ሲል የሚናገረው ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የመኪናው ትርጉም በሌላ በር ገባ። በ17ኛው መቶ ዘመን ጦር ሲሰፍር መድፉና የስንቅ ጋሪው በአንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፤ ያ ቦታ ፓርክ ተባለ። ከዚያ ቃሉ ግስ ሆነ፣ ለጋሪና ለሠረገላ ዋለ፣ በመጨረሻም ለመኪና። ስለዚህ ፓርኪንግን የቃሉ መነሻ ማድረግ የታሪኩን ጭራ ራስ ማድረግ ነው።

ከፈረንሳይኛ በፊት ስላለው ዘመን ግን መጠንቀቅ ያሻል። «ፓሪኩስ» የሚለው ቅርጽ በ8ኛው መቶ ዘመን የላቲን ሕግ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ የፈረስ መስክ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ፓዶክ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ላቲኑ ከጀርመናውያን ወሰደ ወይስ እነሱ ከላቲን የሚለው አሁንም ያከራክራል። የዌልስና የጌሊክ ተመሳሳይ ቃላት ለሴልቲክ መነሻነት ማስረጃ ተደርገው ቢቀርቡም፣ የተወሰዱት ከእንግሊዝኛ ነው።